አፌ ተገዝቶ አፍንጫዬ ሲቀር

ትምባሆ ያስተማረኝ ስንፍናዬ ነው። በሌላ ሰው ላላክክ ብል ያኔ አብረውኝ የነበሩት ሁሉ ሞተው አልቀዋል፤ ሙት መውቀስ ደግሞ ደስ አይልም። ጣሊያን መንገድ ሲያወጣ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንለው፣ ያኔ ወጀት ይባል ከነበረው ቦታ እስከ ቡሬ ድረስ ድንጋይ ተሸክሜአለሁ። የሠራተኞቹ አለቃ አንድ የማይገባኝ ጠባይ ነበረው። ወገቡን ሊያሳርፍ ቀና ያለውን ሰው በአለንጋ ይሸነቁጠዋል፤ ሲጃራ ይዞ የቆመውን ግን አይነካውም። ራሱ አጫሽ ስለነበረ የተለኮሰ ሲጃራ ሳያልቅ ማስጣል ግፍ ይመስለዋል መሰለኝ። ይህን ያወቅን ሰነፎች በሦስት ቀን ውስጥ አጫሾች ሆንን። ከሁሉም በላይ በዝግታ የማጨስ ተሰጥዖ እንዳለኝ የታወቀው ያኔ ነው፤ እኔ አንዷን እስክጨርስ ሌላው ሰው ስምንት ድንጋይ ያመላልሳል።

መንገዱ አለቀና ወደ ቀዬዬ ተመለስኩ። ከቡሬ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ድንጋዩን እዚያው ጥዬው መጣሁ፤ ሲጃራው ግን አብሮኝ ገባ።

ያኔ በእኛ አገር ትምባሆ የሚያጨስ ክርስቲያን ማለት ማተቡን በጥሶ የጣለ ያህል ነበር። ጎረቤት ጽዋ አያቀብለውም፤ ገበታ አብሮት የሚቀርብ ሰው ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ከበረቱ ጀርባ ተደብቄ አጨሳለሁ፤ ከብት አይናገርም ብዬ ነው። ሚስቴ ታውቃለች። ቢሆንም አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣትም። እኔም ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። ለራሴ የሚመቸኝን ነገር ለመተርጎም ምንጊዜም ፈጣን ነኝ።

የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና፣ የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ ወደ ሽንዲ በኩል ወዳለው ወላጆቿ ቤት ሄደች። አባቷ ቄስ ናቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲቆጡ ደግሞ ጭራሹን የሚያንሾካሹኩ ሰው ነበሩ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ወንድ ልጅ ተወለደ የሚል መልእክት ደረሰኝ። ለአራሷ ቅቤና ማር ይዤ ገሰገስኩ። ስነሣ ለደስታዬ አንድ አጨስኩ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ለድካሜ አንድ፤ የአማቴ አጥር ሲታየኝ ደግሞ ለፍርሃቴ አንድ።

አማቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። መስቀል ሊያሳልሙኝ ጎንበስ እንዳሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ምን ሸተተኝ?» አሉኝ።

«መንገድ ላይ ማሳ ሲያቃጥሉ በጭሱ መሀል አልፌ ነው፣ አባ።»

«በአጨዳ ወር ማሳውን የሚያቃጥል የቱ እብድ ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ገበሬ ነኝ እያልኩ ውሸት እንኳ በወቅቱ መዝራት አቃተኝ። አማቴም ድምፃቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና በሹክሹክታ እንዲህ አሉኝ፦ «ትምባሆ በአፍህ እንዳታደርግ ገዝቼሃለሁ። ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ነው። ይህን ካፈረስክ ሚስትህም ልጅህም እዚሁ ይቀራሉ፤ አንተም በዚህ ደጅ አትታይ። ካከበርክ ግን ሁለቱንም ይዘህ ትሄዳለህ፤ ከዚያ ወዲያ ለራስህ ነው።» መስቀሉን አስነኩኝ፤ ተሳለምኩ። ግዝት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ግዝት ያፈረሰን ሰው መሬት አትቀበለውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ከዚያ በኋላ ገብቼ ልጁን አየሁት። ቀይ፣ የተጨማደደ፣ በሆነ ነገር የተቆጣ ፊት ነበረው፤ አያቱን መሰለኝ። ሚስቴ ደጅ የተባለውን ሁሉ ሰምታለች። ቀና ብላ አየችኝና «እባክህን» አለች። አንጀቴን በላችው። ያኔ የነበረኝ ልብ ተራራ ይንድ ነበር። ልቤ ግን ከዚያ ቤት እስከ መንደሬ ድረስ እንኳ አልቆየልኝም።

ሐራራ ምን እንደሆነ ያላየ ሰው አይፈረድበትም፤ በእኔም ግን አይፍረድብኝ። መጀመሪያ እንቅልፌ ሄደ፤ ቀጥሎ ትዕግሥቴ። ጤፍ ስናበራይ ከበሬዬ ጋር ተጣላሁ፤ በሬውን «ለምን ታየኛለህ?» ስለው ጎረቤቶቼ ሰምተዋል። አፌን ላታልል ብዬ ቀኑን ሙሉ የጌሾ እንጨት አኘክሁ። አፌ ከመምረሩ የተነሣ ውሃ እንኳ መረረኝ፤ ሐራራው ግን ንቅንቅ አላለም። ከአፌ ይልቅ ደግሞ ያስቸገሩኝ እጆቼ ናቸው። የሚይዙት አጥተው ጢሜን ይነጫሉ፣ ማተቤን ይፈትላሉ። በመጨረሻ የሚስቴ እንዝርት ከግድግዳው ላይ ተሰክቶ አየሁና አወረድኩት። ወንድ ልጅ ጥጥ ሲፈትል ታይቶ አያውቅም። በሩን ዘግቼ ስፈትል ግን፣ ክሩ በየክንዱ እየተበጠሰም ቢሆን፣ እጄ ትንሽ ፀጥ አለልኝ።

ፀጥ ያለው ሁለት ቀን ነው። በሦስተኛው እሳት ልትጫር የመጣች ባልቴት ጎረቤቴ በሩን ገፋ አድርጋ እንዝርት በጭኔ ላይ ሳሾር ደረሰችብኝ።

«አንተዋ!» አለች፤ «እኔ ሚስትህ ናት የወለደችው ብዬ፤ ለካ አራሱ አንተ ነህ!»

እሳቱንም ሳትጫር ሮጠች። ማታውን መንደሩ በሙሉ ሰማ፤ በማግሥቱ አውድማ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ማርያም ማረችህ?» ይለኝ ጀመር። እንዝርቱን መልሼ ሰቀልኩት።

ሰይጣን መንገድ ያሳየኝ ከዚህ በኋላ ነው። ሰይጣን ማለቴ እኔው ራሴ ነኝ። ለገበያ ቡሬ ወረድኩ። ገበያው ዳር አንድ የጣሊያን ካሚዮን ሞተሩ ተበላሽቶ ቆሟል። መለዋወጫው በሩቅ መንገድ ይመጣል ይባላል፤ መንገዱን ደግሞ ዱር ቤቴ ያሉት አርበኞች እየዘጉት አይመጣም። ሹፌሩ፣ ሆዱ ገፋ ያለ ጣሊያን፣ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲጃራ በሲጃራ ላይ ይለኩሳል። በአጠገቡ ሳልፍ ጭሱ መታኝ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ቆሜም አሰብኩ። አማቴ ያሉት «በአፍህ» ነው። መስቀሉን ያስነኩኝ ስለ አፌ ነው። አፍንጫዬን ማን ገዘተው?

እንደዚህ ያለ ጥብቅና ለሌላ ሰው ቆሜለት ቢሆን ዳኛ ባደረጉኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዬ ሆነ። ማለዳ ተነሥቼ ቡሬ እወርዳለሁ፤ ከካሚዮኑ ዐሥር ክንድ ያህል ርቄ፣ ገበያተኛ መስዬ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ነፋሱ ግን ይቀያየራል፤ አንዳንዴ ያ ሁሉ ውድ ጭስ በሌላ በኩል ሄዶ ለአህዮች ይደርሳቸዋል። እህል ስናዘራ ነፋስ የምናውቀው ገለባ ወደ ላይ በመበተን አይደል? ከአውድማዬ አንድ እፍኝ ገለባ በጋቢዬ ጫፍ ቋጥሬ መምጣት ጀመርኩ። ቆንጠር አድርጌ ወደ ላይ እበትነዋለሁ፤ ገለባው ወደሚያደላበት እሄድና እቀመጣለሁ። ነፋሱ ሲዞር እንደገና እበትናለሁ፤ እንደገና ቦታዬን እቀይራለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ በአፍንጫዬ ስስብ፣ ሹፌሩ ሲያስለው እኔም አብሬው እስላለሁ። ጤፌ አውድማ ላይ ተከምሮ ሳለ እኔ ቡሬ ላይ ጭስ አዘራለሁ።

የሚያየኝ ሰው ምን ይላል ብዬ አላሰብኩም። ሐራራ የያዘው ሰው ሌላው ዓለም ዓይን ያለው አይመስለውም።

የክርስትናው ቀን ደረሰ። ከዋዜማው አንድ ቀን ቀደም ብዬ አንድ ሙክት በግ እየጎተትኩ ወደ ሽንዲ ለመሄድ ተነሣሁ። በቀጥታ መሄድ እችል ነበር። ካሚዮኑን ሳልሰናበት ማለፍ ግን አልሆነልኝም፤ በጉን ይዤ ነፋስ ሥር ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ቡሬን ለቅቄ ወንዙን እንደተሻገርኩ ሁለት መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከቁጥቋጦው ወጥተው ግራና ቀኝ ያዙኝ።

«ኸየት ትመጣለህ?»

«ከቡሬ።»

«እሱንማ እናውቃለን» አለ አንደኛው። እጄን በጠፍር የፊጥኝ አሰሩና ጫካ ለጫካ እየነዱ ወደ አለቃቸው ወሰዱኝ። በማግሥቱ ማለዳ አለቃው ፊት ቀረብኩ። ጎፈሬያቸው ትከሻቸውን የነካ፣ የማይስቁ አዛውንት ናቸው። ለካ በገበያው ጠላ የምትሸጥ ሴት የእነርሱ ዓይን ኖራለች። አንድ ገበሬ በየቀኑ ከጣሊያኑ አጠገብ ተቀምጦ፣ ገለባ ወደ ሰማይ እየበተነ ምልክት ይሰጣል ብላ ልካለች።

«ገለባውን የምትበትነው ለማን ነው?» አሉኝ አለቃው።

«ለነፋሱ ነው፣ ጌታዬ።»

አጠገቤ የቆመው ሰው ጠመንጃውን አቀባበለ። አፈር ልሼ ነገሩን ሁሉ ከሥር ጀምሮ ተናዘዝኩ፤ መንገድ ሥራውን፣ አማቴን፣ አፍና አፍንጫውን። እያወራሁ ሳለሁ የራሴ ጆሮ እንኳ አላመነኝም። ባንዳ ሁሉ አንድ ምክንያት አያጣም፤ ለመሞት ግን የኔን ያህል የሚያሳፍር ምክንያት ይዞ የመጣ ያለ አይመስለኝም።

ከመሀላቸው ከጣሊያን ጦር ከድቶ የመጣ አንድ አስካሪ ነበር። «ሐራራ የያዘውን ሰው እኔ አውቀዋለሁ» አለና ከኪሱ የተማረከ ሲጃራ አውጥቶ ለኮሰ። ፊቴ ላይ እፍ አለብኝ፤ ዞረ፤ በዛፉ ዙሪያ መሄድ ጀመረ። እኔ ዝም ብዬ የቆምኩ መስሎኝ ነበር። ሰዎቹ ሲንጫጩ ነው እጄ እንደታሰረ፣ አፍንጫዬን አስቀድሜ፣ እንደ ጥጃ እየተከተልኩት ሁለተኛ ዙር መጀመሬን ያወቅኩት። ምራቄ ጢሜ ላይ ወርዷል። ሰዎቹ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ሳቁ። አለቃው ብቻ አልሳቁም።

«እንግዲያው ፍቱትና ስጡት» አሉ። «ሐራራው እውነት ከሆነ እንቢ አይልም። እንቢ ካለ ሲያታልለን ነው የዋለው።»

ፈቱኝ። አስካሪው የተለኮሰውን ሲጃራ ወደ አፌ አስጠጋው። ወዲያው ሚስቴና ልጄ ትዝ አሉኝ ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «እግዚአብሔር ይመስገን! በጠመንጃ ተገድዶ ያጨሰን ሰው ግዝት አይዘውም» የሚል ነበር። እጄም ተዘርግቷል። ከንፈሬ ሊነካው ሲል ያቺ «እባክህን» ያለችኝ ሴት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ነገ ያን የተቆጣ ትንሽ ፊት ይዘውት ቤተ ክርስቲያን ይቆማሉ፤ እኔ ግን አፌ ሸቶ ከአጥር ውጭ እቀራለሁ። በሁለት እጄ አፌን ከደንኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ግዝት አለብኝ» አልኩ በጣቶቼ መሀል፤ «ነገ ልጄ ክርስትና ይነሣል፤ ቢገድሉኝም ይግደሉኝ።»

አለቃው ሲጃራውን ከአስካሪው እጅ ወስደው፣ ገና ግማሽ እንኳ ያልደረሰውን፣ መሬት ጥለው በእግራቸው ጨፈለቁት።

«ወይኔ!» አልኩ።

አስቤበት አይደለም፤ ከሆዴ ነው የወጣው። አባቴ ሲሞት እንኳ እንደዚያ አላልኩም። አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸው ታየ። «ልቀቁት» አሉ፤ «ይህ ሰላይ አይደለም። ጥልያንስ ቢሆን ይህን ምን ይሠራበታል?»

ካሚዮኑ አጠገብ ሁለተኛ እንዳልታይ አስጠንቅቀው ለቀቁኝ። በጉ አልተመለሰልኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም። አስካሪው እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ደግ ሰው ነው፤ ስንለያይ ሌላ ሲጃራ ለኩሶ ጋቢዬን በጭስ አጠነልኝና «ለመንገድህ ይሁንህ» አለኝ። አመሰገንኩት። ያን ቀን ጌሾዬን እያኘክሁ ስሄድ ውዬ፣ በእግዜር እንግድነት አንድ ቤት አድሬ፣ በክርስትናው ቀን ማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ደረስኩ።

አማቴ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ሚስቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ልጁን ታቅፋ፣ ከሴቶቹ ጋር ጥሪ ትጠብቃለች። ሮጬ ቀረብኩ። አማቴ አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ፤ ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«አፈረስከው» አሉ። ድምፃቸውን ለመስማት መጠጋት ነበረብኝ።

«አላፈረስኩም፣ አባ! በአፌ አልነካሁም!» ብዬ ነገሩን ማውራት ጀመርኩ። ካሚዮን፣ ገለባ፣ አርበኞች፣ የተጨፈለቀ ሲጃራ። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማኛል። እውነት በተናገርኩ ቁጥር ይበልጥ ውሸታም እመስላለሁ።

«ከዚህስ ያ የተቃጠለው ማሳ ይሻል ነበር» አሉኝና ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አከተመ ብዬ ቁጭ አልኩ። ለአርባ ቀን ያህል ተሠቃይቼ፣ ከሞት ተርፌ፣ ሚስቴንና ልጄን ሊያሳጣኝ የደረሰው የሌላ ሰው ጭስ ነው። ያውም ራሴ ፈልጌ፣ ነፋስ አጥንቼ የሰበሰብኩት። የማለቅሰው በአማቴ ተናድጄ አልነበረም፤ በራሴ ነው። አፌን ከመጠበቅ በቀር ምንም እንዳላደረግሁ፣ ልቤ ሁልጊዜ ከካሚዮኑ ሥር እንደነበረ አማቴ ባያውቁም እኔ አውቃለሁ።

ሚስቴ ልጁን ለእናቷ ሰጠች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል፣ ቄሶቹ እያዩ፣ መጥታ ከፊቴ በርከክ አለች፤ አገጬን ይዛ አፌን ከፈተችና አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው። ሴቶቹ «በስመ ሥላሴ!» አሉ። በእኛ አገር ባልና ሚስት በሰው ፊት ጎን ለጎን እንኳ አይሄዱም።

«አባዬ» አለች ሳትነሣ፣ «አፉ የሚሸተው ጌሾ ነው። ትምባሆው ያለው ጋቢው ላይ ነው።»

አማቴ ተመልሰው መጡ። ጎንበስ አሉ። ልብሰ ተክህኖ እንደለበሱ እሳቸውም አሸተቱኝ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

«ጋቢውን አውልቁለት» አሉ በመጨረሻ።

በጥር ብርድ፣ በእጀ ጠባብ ብቻ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ የልጄን ክርስትና ቆሜ አየሁ። ልጁ ውሃው ሲነካው በቁጣ ጮኸ። ሜሮን ተቀባ፤ ማተብ ታሠረለት። ሲያበቃ አማቴ ራሳቸው ልጁን አምጥተው በክንዴ ላይ አኖሩልኝና «ግዝቱ አበቃ። ከእንግዲህ ለራስህ ነው» ብለውኝ ሄዱ።

አባት ሲሆን ሰው ምን እንደሚሰማው ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። ልጄን ታቅፌ፣ ሚስቴ አጠገቤ ቆማ፣ ሁለቱንም ይዤ ወደ ቤቴ ልሄድ ተፈቅዶልኝ፣ ያን ሰዓት የተሰማኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሁን አንዲት ሲጃራ በኖረች። የሚከለክለኝም አልነበረም። ቄስ አልቆመብኝም፣ ጠመንጃ አልተደገነብኝም። ከዚያ ሁሉ ቀን አንዱም ያን ያህል አላስፈራኝም። የማደርገው ጠፍቶኝ አፍንጫዬን ከልጁ አናት ላይ ቀበርኩና በሙሉ ደረቴ ሳብኩ። ሜሮኑ ገና አልደረቀም፤ ልጁ ልጅ ልጅ ይሸታል። ያዝኩት፤ ቀስ ብዬ ተነፈስኩ፤ እንደገና ሳብኩ።

ሚስቴ እጄን ያዘች። «ኧረ በማርያም! ልጁን ልታጨሰው ነው እንዴ?»

«አንዴ ብቻ» አልኳት፤ ደግሜም ሳብኩ።